ጉሊዬልሞ ማርኮኒ፤ የነፋስ ስልክ አባት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ዘይት መንገድ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው ነፋስ ስልክን፣ ሳሪስንና ቃሊቲን አልፎ አቃቂ በሰቃ ይደርሳል። የታክሲው ረዳት ነፋስ ስልክ፣ ነፋስ ስልክ እያለ ሲጣራ በየቀኑ እንሰማለን፤ ዳሩ ግን ስሙ ከምን እንደ መጣ ቆም ብለን የምናስብ ጥቂቶች ነን። ያለ ሽቦ ወሬ የሚያደርሰው መሣሪያ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ ቃሉ በነፋስ ላይ ተሳፍሮ የሚሄድ የመሰለው ሕዝብ ነፋስ ስልክ ብሎ ጠራው፤ ስሙም በሰፈሩ ላይ ቀረ።

በቅርቡ በአንድ የዕረፍት ቀን ጥቂት ሆነን ወደ አቃቂ ወርደን ነበር። ከመካከላችን አንዱ የአማተር ራዲዮ ፈቃድ ያለው ሲሆን፣ በእጅ የምትያዝና ከወፍራም የኪስ መጽሐፍ የማትበልጥ የመገናኛ ራዲዮ ይዞ ነበር። ሌላው ባለፈቃድ ጓደኛችን ደግሞ የራሱን ይዞ ከእንጦጦ አፋፍ ላይ እንዲጠብቀን ተቀጣጥረናል። በወንዙ ሸለቆ ውስጥ ሆነን ደጋግመን ብንጠራው ዘይት ላይ እንደ ተጣለ ሽንኩርት ከሚንጫጫ ድምፅ በስተቀር የመለሰልን የለም። ባትሪው አልቆ ይሆን፣ መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን እያልን ስንከራከር ቆይተን ወደ አንድ ጉብታ ወጣን። ያን ጊዜ የጓደኛችን ድምፅ ከጎናችን የቆመ ያህል ጠርቶ መጣ። ይህን ሁሉ መንገድ የሄደው የትንሺቱ ራዲዮ ኃይል አምስት ዋት ብቻ ነው፤ ይኸውም ከአንዲት ደካማ አምፖል አይበልጥም።

ከመካከላችን የምሕንድስናው ተማሪ ደስ ብሎት ማርኮኒን አመሰገነ። የታሪኩ ተማሪ ግን ወዲያው ተቆጣ፤ አባቶቻችን በመርዝ ጋዝ ላለቁበት ጦርነት ጠበቃ የቆመውን ሰው በአቃቂ ሜዳ ላይ ቆመህ ታመሰግናለህን ብሎ ጠየቀው። ክርክሩ ስድስት ኪሎ እስክንደርስም አላለቀም። ስለዚህ ሁላችንም ሰውየውን ከመፍረዳችን አስቀድመን ሕይወቱን እንወቅ ብለን ተስማማን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ስምምነት ፍሬ ነው።

ጉሊዬልሞ ማርኮኒ በሚያዝያ ወር 1874 እ.ኤ.አ. በጣሊያን አገር በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጁሴፔ የእርሻ መሬት ያላቸው ባለጸጋ ነበሩ። እናቱ አኒ ጄምሰን አየርላንዳዊት ሲሆኑ፣ ወገናቸው በዊስኪ ጠማቂነት የታወቀው የጄምሰን ቤተሰብ ነው። ልጁ ያደገው ከቦሎኛ ውጭ ጶንተኪዮ በሚባል ቦታ፣ ቪላ ግሪፎኔ በተባለው የቤተሰቡ የገጠር ቤት ነው። ከጣሊያንኛው ጋር የእናቱን እንግሊዝኛ አብሮ ተማረ፤ ይህም በኋላ እጅግ ጠቅሞታል።

በትምህርት ቤት በኩል ማርኮኒ ለምስጋና የሚበቃ ተማሪ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲግሪ አልያዘም። ይሁን እንጂ እናቱ ዝንባሌውን ተመልክተው የፊዚክስ አስተማሪ ቀጥረውለታል፤ ጎረቤታቸው የነበሩት የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አውጉስቶ ሪጊም ምክርና መጻሕፍት እንዲያገኝ ረድተውታል። ይህን የምንጽፈው ፈተና የወደቁ ጓደኞቻችን እንዲጽናኑበት ብለን አይደለም። ማርኮኒ ዲግሪ ባይኖረውም ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ሰው ነበርና፣ በስሙ የሚምል ሰነፍ አስቀድሞ ይህን ያስታውስ።

ጀርመናዊው ሊቅ ሃይንሪክ ኸርዝ የኤሌክትሪክ ሞገድ በአየር ውስጥ እንደሚጓዝ በ1880ዎቹ አስመስክሮ፣ በ1894 እ.ኤ.አ. ገና በ36 ዓመቱ ሞተ። ማርኮኒ ስለ ኸርዝ ሥራ ያነበበው በዚያው ዓመት ነው። ኸርዝ የፈለገው የተፈጥሮን ሕግ ለማወቅ ነበር፤ የሃያ ዓመቱ ወጣት ግን በዚህ ሞገድ ወሬ ቢላክበትስ ብሎ አሰበ። በቤታቸው ሰገነት ላይ ብልጭታ የሚያወጣ መሣሪያ አቁሞ ደወል ከሩቅ ማስጮህ ጀመረ። ቀጥሎም መሣሪያውን ወደ ውጭ አወጣ። በ1895 እ.ኤ.አ. አንዱን የሽቦ ጫፍ ወደ ላይ ሰቅሎ ሌላውን መሬት ውስጥ ሲቀብረው፣ በክፍል ውስጥ ይቀር የነበረው ምልክት ኪሎ ሜትር አልፎ ሄደ። ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው ኮረብታ ጀርባ መቀበያውን የያዘው ረዳቱ ምልክቱ እንደ ደረሰው በጠመንጃ ተኩስ አስታወቀ ይባላል።

እኛ በአቃቂ ሸለቆ ውስጥ ሆነን ያጣነውን ነገር ማርኮኒ ከኮረብታ ጀርባ ያገኘበት ምክንያት አለው። የእሱ ሞገድ ረዥም ስለ ነበር ኮረብታውን እየታከከ ማጎንበስ ይችል ነበር። በዛሬዋ የእጅ ራዲዮ የሚወጣው ሞገድ ግን ሁለት ሜትር ወይም ሰባ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ እንደ ዓይን እይታ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ይጋርደዋል። ስለዚህ የእጅ ራዲዮ የያዘ ሰው ከኃይል ይልቅ ከፍታን ይሻል። ጉብታው ያደረገልንን የባትሪ ብዛት አያደርገውም።

ማርኮኒ በ1896 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ከእናቱ ጋር ወደ ለንደን ሄደ። የእንግሊዝ ጉምሩክ ሠራተኞች እንግዳውን ሣጥን ቦምብ መስሏቸው ሲበረብሩ መሣሪያውን ሰበሩበት ይባላል። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አገሩ አድዋ ላይ ድል በተመታች በሦስት ወሯ፣ በሰኔ ወር 1896 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ለንደን ላይ አስመዘገበ። የፖስታ ቤቱ ዋና መሐንዲስ ዊሊያም ፕሪስ ረዱት። በ1897 እ.ኤ.አ. በብሪስቶል ወሽመጥ ላይ ባሕር አሻግሮ ምልክት ላከ፤ በዚያው ዓመት በእናቱ ዘመዶች ገንዘብ ኩባንያ አቋቋመ። በ1899 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚለየውን ባሕር ተሻገረ።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ትልቅ ጥያቄ ምድር ክብ ናትና ሞገዱ ከአድማስ ወዲያ እንዴት ይደርሳል የሚል ነበር። ብዙ ሊቃውንት አይሆንም አሉ። በታኅሣሥ 12 ቀን 1901 እ.ኤ.አ. ማርኮኒ በኒውፋውንድላንድ ደሴት በሴንት ጆንስ ከተማ ሽቦውን በካይት ላይ አሰቅሎ በኃይለኛ ነፋስ ውስጥ ጆሮውን በማዳመጫው ላይ ጣለ። ከእንግሊዝ አገር ከፖልዱ ጣቢያ፣ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት፣ ሦስት አጫጭር ምት፣ ማለትም በሞርስ ፊደል ኤስ የሚባለውን ሰማሁ አለ። ምስክሩ እሱና ረዳቱ ብቻ ስለ ነበሩ የተጠራጠሩት ብዙ ናቸው። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት በመርከብ ላይ ሆኖ ምልክቱን በወረቀት ላይ አስቀርጾ ርቀቱን ደረጃ በደረጃ አሳየ። ሞገዱ የሚመለሰው በሰማይ ከፍታ ላይ ካለ ኤሌክትሪክ ከተሸከመ የአየር ንጣፍ እንደ ሆነ ሊቃውንቱ የገመቱት በዚያው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። ማርኮኒ ምክንያቱን ሳያውቅ ነገሩን አስቀድሞ አድርጎት ነበር።

እዚህ ላይ ለእውነት ስንል አንድ ነገር እንጨምራለን። ራዲዮን ማርኮኒ ብቻውን ፈጠረው ማለት አይገባም። እንግሊዛዊው ሎጅ፣ ሩሲያዊው ፖፖቭ፣ ሕንዳዊው ቦስ፣ በአሜሪካ የነበረው ቴስላ፣ ጀርመናዊው ብራውን፣ ሁሉም በየበኩላቸው ድንጋይ አቀብለዋል። የኖቤል ሽልማት በ1909 እ.ኤ.አ. የተሰጠው ለማርኮኒና ለብራውን በጋራ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1943 እ.ኤ.አ. ከማርኮኒ የፈጠራ መብቶች አንዳንዱን ከእሱ የቀደሙ ነበሩ ሲል ሽሮታል። የማርኮኒ ታላቅነት የተበታተነውን ሰብስቦ፣ ከላቦራቶሪ አውጥቶ፣ መርከበኛውና ነጋዴው እንዲጠቀምበት ማድረጉ ላይ ነው።

ጥቅሙም ብዙ ሳይቆይ ታየ። በሚያዝያ ወር 1912 እ.ኤ.አ. ታይታኒክ የተባለችው መርከብ ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭታ በሰጠመች ሌሊት፣ የማርኮኒ ኩባንያ ሠራተኞች የሆኑት ሁለት ወጣቶች ውኃው እስኪደርስባቸው ድረስ የእርዳታ ጥሪ ላኩ። ከ1,500 የሚበልጥ ሰው ሲያልቅ 700 ያህል የዳነው ያን ጥሪ ሰምታ በመጣችው ካርፓቲያ በተባለች መርከብ ነው። ከሁለቱ ወጣቶች አንዱ፣ ጃክ ፊሊፕስ፣ ሞተ። በዚሁ ዓመት ማርኮኒ በአውቶሞቢል አደጋ ቀኝ ዓይኑን አጣ።

አሁን ወደ አማተሮቹ እንመለስ፤ የእኛ የእጅ ራዲዮ የዘር ሐረግ በእነሱ በኩል ያልፋልና። የማርኮኒን ዝና የሰሙ ወጣቶች በየቤታቸው መሣሪያ እየሠሩ እርስ በርስ መነጋገር ጀምረው ነበር። በ1912 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከባለ ጣቢያዎቹ መንገድ ዘወር እንዲሉ ብሎ፣ አማተሮቹን ማንም አይጠቅምም ወዳለው ከ200 ሜትር በታች ወደሆነው አጭር ሞገድ አባረራቸው። እነሱ ግን የተጣለውን መሬት አረሱት። በኅዳር ወር 1923 እ.ኤ.አ. በኒስ ከተማ ያለ ፈረንሳዊ አማተር በኮኔቲከት ካለ አሜሪካዊ አማተር ጋር አትላንቲክን አሻግሮ በአጭር ሞገድ ተነጋገረ። ማርኮኒም በዚያው ሰሞን ኤሌትራ በምትባለው መርከቡ ላይ ሆኖ ከመሐንዲሱ ፍራንክሊን ጋር ይህንኑ ሞገድ ሲመረምር ነበር፤ በ1924 እ.ኤ.አ. ከፖልዱ የተላከ የሰው ድምፅ አውስትራሊያ ድረስ ተሰማ። ከዚያ በፊት ዓለምን ለማዳረስ እጅግ ግዙፍ ጣቢያና ብዙ ኃይል ያስፈልግ ነበር። አጭር ሞገድ ሲገኝ ግን ሀብት የሌለው አገርም በትንሽ ኃይል ዓለምን ማነጋገር የሚችል ሆነ።

ከእነዚህ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ መንግሥታችን የራሱን ታላቅ የራዲዮ ጣቢያ በአቃቂ እንዲሠራለት ውል ገባ። ሜዳው ሰፊና ገላጣ ስለሆነ ለረዣዥም ምሰሶዎች ይመች ነበር። ሥራውን የወሰደው አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ነው። ልብ በሉ፤ ሊወረን ሲዘጋጅ የነበረው አገር ልጆች ምሰሶውን አቆሙልን። ጦርነቱ እየቀረበ ሲመጣ፣ በመስከረም መባቻ 1928 ዓ.ም.፣ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በዚህ በአቃቂ ጣቢያ ለዓለም ተናገሩ፤ ቃላቸው አሜሪካ ድረስ ተሰማ። ጣሊያን የሠራው መሣሪያ ጣሊያንን ከሰሰ።

ማርኮኒስ በዚያ ጊዜ የት ነበር? በ1923 እ.ኤ.አ. የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆኗል። በ1930 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ የጣሊያን አካዳሚ ፕሬዚዳንት ስላደረገው የፋሺስት ታላቅ ምክር ቤት አባልም ነበር። ሹመትና ማዕረግ፣ የማርኪዝነት ስም፣ የመንግሥት ክብር ሁሉ ተደራርቦለታል። በእርግጥ ሥራውን አላቆመም፤ በ1931 እ.ኤ.አ. የቫቲካንን የራዲዮ ጣቢያ ሠራ፤ ሁለት ዓመትም ሳይቆይ ቫቲካንን ከጳጳሱ የበጋ ቤት ጋር የሚያገናኝ የስልክ መስመር ስልሳ ሳንቲ ሜትር በማይሞላ ሞገድ ዘረጋ። ይህ ሞገድ የዛሬዋ የእጅ ራዲዮ ከምትሠራበት ብዙ አይርቅም።

ዳሩ ግን በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ሲሻገር፣ ማርኮኒ በስሙና በዝናው የአገሩን ወረራ ደግፎ ቆመ፤ በውጭ አገርም ተከራከረለት። በለንደን በራዲዮ ስለ ጉዳዩ ልናገር ብሎ ቢጠይቅ የእንግሊዝ ብሮድካስቲንግ ድርጅት ከለከለው። የራዲዮ አባት የተባለው ሰው ከራዲዮ ተከለከለ፤ ጥቃት የደረሰባት ኢትዮጵያ ግን ከአቃቂ ትናገር ነበር። ይህን ያህል የተገለበጠ ነገር በታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ነገር ግን ደስ ብሎን ብቻ እንዳናልፍ ሌላውን ወገን እንይ። አየር በር የለውም፤ የሚናገረውን ሁሉ የሚያዳምጥ ሁሉ ይሰማዋል። ጠላት የራዲዮ መልእክቶቻችንን እየጠለፈ ያነብ ነበር። ከማይጨው ጦርነት በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ለእቴጌ መነን የላኩት የራዲዮ ቃል ሳይቀር በባዶሊዮ እጅ ገብቷል። ጦርነቱ በመጋቢት 22 ቀን ተደረገ፤ በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። መሣሪያውን ይዘን የመሣሪያውን ጠባይ የሚያውቁ የራሳችን ልጆች ግን በበቂ አልነበሩንም። ሽንፈቱ የመጣው በዚህ ብቻ ነው አንልም፤ አውሮፕላኑና የመርዙ ጋዝ ነበሩ። ግን ይህም አንዱ ነበር።

ማርኮኒ ልቡን ሲያመው ቆይቶ በሐምሌ 13 ቀን 1929 ዓ.ም. በሮም በ63 ዓመቱ ሞተ። በመንግሥት ሥርዓት ተሸኘ፤ በብዙ አገር ያሉ የራዲዮ ጣቢያዎችም ለክብሩ ሁለት ደቂቃ ዝም አሉ። ያ ዝምታ የሆነው በአዲስ አበባ ሕዝብ ከታረደበት ከየካቲት 12 ቀን አምስት ወር በኋላ ነው። ለእነዚያ ሟቾች ግን የዓለም አየር ዝም አላለም። ከብዙ ዓመታት በኋላ የተገኙ የአካዳሚው ወረቀቶች ደግሞ፣ ማርኮኒ ለአባልነት በታጩ አይሁዳውያን ሊቃውንት ስም አጠገብ ምልክት እያደረገ ሳይገቡ እንዲቀሩ ያደርግ እንደ ነበር አሳይተዋል። ይህም የሆነው ጣሊያን የዘር ሕግ ከማውጣቷ በፊት ነው። የሰውን ድምፅ በባሕር ላይ ያሻገረ ሰው፣ ሰውን በደጅ ማስቀረትም ያውቅ ነበር።

በእጅ የሚያዝ መገናኛ ራዲዮ የመጣው ማርኮኒ ከሞተ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ያኔ በወታደር እጅ የነበረው ዛሬ በአማተር እጅ ገብቷል። በአገራችንም በአምስት ኪሎ በቴክኖሎጂ ፋኩልቲ የተቋቋመው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢ ቲ ሦስት ኤ ኤ በሚለው መጥሪያ ስሙ በብዙ አገር አማተሮች ዘንድ ይታወቃል። የእጅ ራዲዮ ማለት እንደ ሞባይል ስልክ ገዝቶ ኪስ ውስጥ የሚከቱት ነገር አይደለም። መንግሥት የሚሰጠው ፈቃድና የራስ መጥሪያ ስም ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ የያዘ ሰው መሣሪያውም ይወሰድበታል፣ ራሱም ይጠየቃል። ባለፈቃዱም ቢሆን ከመናገሩ አስቀድሞ ያዳምጣል፤ ስሙን ይጠራል፤ በአጭሩ ተናግሮ ቁልፉን ይለቃል፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ መናገር አይቻልምና። ንግድ አይነግድበትም፤ ምስጢርም አያወራበትም። የማይጨው መልእክት ዕጣ ለዚህ ደንብ ከበቂ በላይ ማስረጃ ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ምን ይሁን? ሁለቱም ጓደኞቻችን ከፊል ትክክል ናቸው እንላለን። ማርኮኒ በሰገነቱ ላይ ሌሊት የሠራው ሥራ ምስጋና ይገባዋል፤ የታይታኒክ ተራፊዎች ለዚህ ምስክሮች ናቸው። ማርኮኒ በ1928 ዓ.ም. የቆመበት ቦታ ግን የሚያሳፍር ነው፤ የመጀመሪያው የኋለኛውን አይሸፍነውም። ዕውቀት ሰውን ትልቅ ያደርገዋል እንጂ በራሱ ጻድቅ አያደርገውም። እኛ በሳይንስና በምሕንድስና ክፍል የተቀመጥን ተማሪዎች ይህን ከውጭ ሰው ሕይወት ላይ ማንበብ ይቀለናል። ነገ ሹመትና ማዕረግ በራሳችን ደጅ ሲቆም ግን ማስታወሱ ይከብዳል።

የአቃቂም ታሪክ ሌላ ዕዳ ይጥልብናል። ያን ጊዜ ምሰሶውን ሌላ አቆመልን፤ እኛ ተናገርንበት። ዛሬም የእጅ ራዲዮዋን ሌላ ይሠራልናል፤ እኛ ቁልፏን እንጫናለን። ጓደኛችን ወደ ስድስት ኪሎ ስንመለስ የታሪኩን ተማሪ አፍ ለመዝጋት ብሎ የራዲዮዋን ክዳን ፈቶ አሳየው። የታሪኩ ተማሪም ውስጧን አይቶ ዝም አለ፤ ቀጥሎም ከዚህ ውስጥ አንተ የሠራኸው የቱ ነው ብሎ ጠየቀው። የምሕንድስናው ተማሪ መልስ አልነበረውም። ለእኛም እስካሁን የለንም፤ ነገር ግን ጥያቄው ከእጃችን እንዳይወጣ ብለን እዚህ ላይ ጻፍነው።